እጅ ያልነካው ቅልቅል

ሰው ሙዚቃ የሚሰማበትን ቀዳዳ ከእሷ በላይ አብጠርጥሮ ያየ የለም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በአንድ የጆሮ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሥራዋም ጆሮ ማጠብ ነው። ለብ ያለ ውሃ በስሪንጅ ትረጫለች፣ በሌላ እጇ ከጆሮው ሥር ሳህን ትደቅናለች፣ የሚወጣውን ትቀበላለች። የሚወጣው አንዳንዴ እንደ ሰም ቢጫ ነው፣ አንዳንዴ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የደረቀ፤ አንዳንዴም የጥጥ ቁራጭ ወይም የተሰበረ የክብሪት እንጨት ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን የሞተ ጥንዚዛ ወጥቶ ባለ ጆሮው፣ «ይሄ ነው ለካ በር ሲያንኳኳብኝ የከረመው!» ብሎ ሲስቅ፣ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

«ሲስተር፣ ግን አይቀፍሽም?» ይሏታል።

«ይቀፈኛል እንጂ» ትላለች ሳትደብቅ። «ስለሚቀፈኝ ነው አጥርቼ የማጥበው።»

እውነቷን ነው። አናጢ ጠማማውን በዓይኑ እንደሚለይ እሷ ቆሻሻውን በአንጀቷ ትለያለች።

እሁድ ከሰዓት ነጩን ጋዋን አውልቃ ዲጄ ትሆናለች፤ አንጀቷም አብሯት ይሄዳል። በየአዳራሹ ያለው የጋራ ሄድፎን ስፖንጁ በስንት ሰው ላብና ቅባት እንደራሰ ታውቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ አንስታ፣ አሽትታ፣ መልሳ አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ የራሷን ሄድፎን በታጠበ የትራስ ልብስ ጠቅልላ ነው የምትዞረው። የሚክሰሩንም፣ የድምፅ መቀላቀያውን፣ ቁልፎች ከመንካቷ በፊት አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ ትወለውላለች። ሌሎቹ ዲጄዎች «ዝም በሉ፣ ቀዶ ጥገና ልትጀምር ነው» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መወልወሏን ትቀጥላለች።

አብሯት የሚጫወተው ታናሽ ወንድሟ ነው። በሞባይል ጥገና ሱቅ ይሠራል። ቅጥነቱን አይተው፣ አንገቱ ላይም ሁልጊዜ አንድ ገመድ ስለማይጠፋ፣ የሰፈሩ ልጆች ሽቦ አሉት፤ በዚያው ጸና። እሱ ደግሞ አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ እሷን እታለም ይላታል። ሰዉም ከእሱ አፍ ወስዶ እታለም አላት፤ ፖስተር ላይም «እታለምና ሽቦ» ተብሎ ተጻፈ።

ልጆች ሳሉ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሬዲዮ ነበር። አባታቸው ሳሎን ዜና ይከፍታል፣ እናታቸው ጓዳ ዘፈን ትከፍታለች፤ አንዱም ለሌላው ድምፅ አይቀንስም። ሁለቱ ልጆች የሚተኙት መሐል ባለችው ጠባብ ክፍል ነበርና ዜናውና ዘፈኑ እላያቸው ላይ ይደፋሉ። ሽቦ በዚህ በደስታ ነፍሱን አያውቅም ነበር። ዜና አንባቢው ስለ መንገድ ሥራ በቁም ነገር ሲናገር ከጓዳ ከበሮ ሲገባበት፣ ትራሱን እየደበደበ ይንከተከታል። እሷ በብርድ ልብስ ጆሮዋን ወትፋ ታለቅሳለች። «አይስማሙም እኮ! ለምን አይጠባበቁም?» አሁን አባታቸው በሕይወት የለም፤ ሬዲዮኖቹም ከቤት ወጥተዋል። ልጆቹ ግን ካደጉም በኋላ ያው ናቸው። እሱን ድምፅ ከድምፅ ሲጋጭ ያስቀዋል፤ እሷ ካልተስማሙላት ምግብ አይወርድላትም።

የሚጫወቱት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሀውስ አለ፤ ደረቱን ነፍቶ እኩል እኩል የሚረግጥ። ቴክኖ አለ፤ ፋብሪካ ውስጥ የተወለደ ይመስል ፊቱ የማይፈታ። ደብ ቀርፋፋ ነው፤ ግማሹን ነገር ሳይናገር ትቶ ማሚቶውን ይጎትታል። ድራም ኤንድ ቤዝ ደግሞ ከበሮው እግሩ መሬት አይነካም። እነዚህን አንዱን በሌላው ውስጥ አዋህዶ፣ ጨፋሪው ሳይቆምና ከየት ወደ የት እንደሄደ ሳይነቃ ማሻገር ነው ሥራቸው።

ተራ በተራ ይጫወታሉ። እሱ አንድ ዘፈን ያስገባል፣ ቀጥላ እሷ፣ ቀጥሎ እሱ። ሕጋቸው አጭር ነው። ከተቀበሉት ዘፈን ውስጥ መንገድ ፈልገው ይወጣሉ እንጂ አንገቱን አይቆርጡትም። በአንዱ ተራ ሌላው እጁን አያስገባም። ሁለት ቤዝም፣ ማለትም ሁለት ወፍራም የታች ድምፅ፣ አንድ ላይ አይከፈትም፤ አዲሱ ሲገባ የአሮጌው ይዘጋል። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያመጣችው እሷ ናት። ሁለት ቤዝ ተደርቦ ሲያጓራ ከሰማች፣ ሌላ ሰው የተጉመጠመጠበትን ውሃ የጠጣች ይመስል አፏን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች።

ከሁሉ የሚታወቁት ግን እሷ ከደብ ወደ ድራም ኤንድ ቤዝ በምትሠራው መሻገሪያ ነው። ሲያስቡት የማይሆን ነገር ነው፤ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ የሚሮጥ ጎረምሳ። እሷ ሽማግሌው አንዴ ሲራመድ ጎረምሳው በትክክል ሁለቴ የሚረግጥበትን ፍጥነት ፈልጋ አገኘች። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የደቡን ማሚቶ ታስረዝማለች፤ በማሚቶው ውስጥ የፈጣኑን ሸክሸክታ ብቻ፣ ቤዙን ዘግታ፣ ቀስ አድርጋ ታስገባለች። ሰው እየተወዛወዘ ሳለ ትከሻው በራሱ ጊዜ መፍጠን ይጀምራል። ያኔ የአንዱን ቤዝ ዘግታ የሌላውን በአንድ ትንፋሽ ትከፍታለች። አዳራሹ ይጮሃል። ሽቦ በክርኑ ጎኗን ነካ ያደርጋታል። ያቺ ክርን ከጩኸቱ ሁሉ ትበልጥባት ነበር።

ነገር የተበላሸው ባለ አዳራሹ የመጣ ጊዜ ነው። ሰውየው ድሮ የቤት ዕቃ መጋዘን የነበረ ሰፊ ቤት ወስዶ የእሁድ ከሰዓት ጭፈራ ከፈተ። ግድግዳው ዛሬም ኮላና ቫርኒሽ ይሸታል። ወለሉ በፈሰሰ ለስላሳ ከመጣበቁ የተነሳ ጫማን እያስጮኸ ነው የሚለቀው። ባለቤቱ ሁሉንም ሰው «የኔ ልጅ» ይላል፤ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ያወራል፤ ያወጣውን ነገር ስቴኪኒው ጫፍ ላይ አይቶ፣ መልሶ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ለእታለም ሰውየው እዚያው ላይ አበቃ። ለሽቦ ገና መጀመሩ ነበር፤ ለእሁዱ ቋሚ ጥንድ እንደሚፈለግ ሰምቷል።

«ቋሚ ቦታ እኮ ነው፣ እታለም! የሰው አዳራሽ እየለመንን ልናረጅ ነው?»

«ሰውየው ይቀፈኛል።»

«አንቺን የማይቀፍሽ ማን አለ? በልጅነቴ ንፍጤን ስትጠርጊ አፍንጫዬን አብረሽ ልትነቅይው ነበር።»

ሳቀች። ሲያስቃት እንቢ ማለት አይሆንላትም። ሄደው ተነጋገሩ፤ እሷም ለባለ አዳራሹ ፊት ለፊት ነገረችው።

«የምጫወተውን እኔ እጫወታለሁ። በዚያ ላይ ሰው ከገባበት በዚያው ቀን እወርዳለሁ።»

«የኔ ልጅ» አለ ሰውየው ስቴኪኒውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ «እጅሽን ማን ይነካል? እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንድ እሁድ ትጫወታላችሁ፣ እቀርጻችኋለሁ፣ ቪዲዮውን እለጥፈዋለሁ። ካማረ ቦታው የናንተ ነው። ስህተት ካለበት ሌላ ጥንድ እጠራለሁ። ስህተት የሚለጥፍ አዳራሽ አይቼ አላውቅም።»

ለቀረጻው እንዲመች የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል አስቀድሞ ይወሰን ተባለ። እታለም አጉረመረመች፤ የጨፋሪውን እግር ሳታይ ዘፈን መምረጥ አትወድም። ሽቦ ግን «ለአንድ ቀን እኮ ነው» አላት፤ ለአንድ ቀን ብላ ተወችው።

በቀረጻው እሁድ አዳራሹ ስትደርስ ሽቦ ቀድሟት ጠረጴዛውን አሰናድቶ ጨርሷል። በሕይወቱ ቀድሟት ደርሶ አያውቅም። ጠረጴዛው ከፊት እስከ ወለሉ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ጥጧን አውጥታ ቁልፎቹን ወለወለችና ከሚክሰሩ ኋላ ያለውን አቧራ ልትጠርግ ስትንጠራራ ሽቦ እጇን ቀለበው።

«ከኋላ አትንኪ! ኤሌክትሪክ ይይዝሻል።»

«ስንት ዓመት ስነካው ምን አደረገኝ?»

«በናትሽ፣ ዛሬ ዝም ብለሽ ቁሚ። አጽድተሻል አይደል? አብርቶ የለም እንዴ!»

ግንባሩን አልቦታል። ካሜራውን ፈርቶ ነው ብላ አዘነችለት፤ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችው።

ጨዋታው ተጀመረ። ሽቦ ሀውስ አስገባ፤ ሰው ተነቃነቀ። ተራዋ ሲደርስ የራሷን ዘፈን በሄድፎኗ አዳምጣ፣ ፍጥነቱን አዳራሹ ውስጥ ከሚሰማው ጋር አስተካክላ፣ የድምፁን መንሸራተቻ ወደ ላይ ገፋች። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ገባ። ብቻ ጣቷ ገና ጉዞውን ሳይጨርስ የገባ መሰላት። የሰው ጆሮ ሳጥብ የራሴን ረሳሁት ይሆን ብላ በልቧ ቀለደች።

በሚቀጥለው ተራዋ የአሮጌውን ቤዝ ልትዘጋ ቁልፉን ልትይዝ ስትል ቤዙ ተዘጋ። ቀና ብላ ሽቦን አየችው። አንድ እጁን ወደ ጣሪያው እያወዛወዘ ለካሜራው ይስቃል።

ከዚያ ደቡ መጣ፤ መሻገሪያዋ ደረሰ። ማሚቶውን ማስረዘም ጀመረች። ሸክሸክታው ሊገባ ሲል ከስፒከሮቹ የፈጣኑ ቤዝ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቅ አለና ተመልሶ ተዋጠ፤ ማሚቶም በላዩ ላይ ተደፋበት።

ይህን ስህተት ታውቀዋለች። ባለፈው የዝናብ ወራት፣ በሌላ አዳራሽ፣ ጣቷ አዳልጧት ቤዙን ቀድማ ከፍታ፣ ደንግጣ ዘግታ፣ ሀፍረቷን በማሚቶ ሸፍናው ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደገመችውም። አሁን ያው ስህተት ከነድንጋጤው፣ ከነመሸፈኑ ከስፒከሩ ወጣ። የእሷ እጅ ደግሞ የቤዙ ቁልፍ አጠገብ እንኳ አልደረሰም።

የሚክሰሩን ዋና የድምፅ ቁልፍ ያዘችና እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞረችው። አዳራሹ ጭጭ ማለት ነበረበት። ሙዚቃው ምንም እንዳልተፈጠረ ማስገምገሙን ቀጠለ።

አጎንብሳ ከጥቁሩ ጨርቅ ኋላ ተመለከተች። ከሚክሰሩ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደው ገመድ ተነቅሎ፣ ጫፉ የሚያጣብቀው ወለል ላይ ተጋድሟል። ስፒከሮቹ የተያያዙት ከሽቦ ቦርሳ ውስጥ መብራቷ ብልጭ ከምትል ትንሽ ማጫወቻ ጋር ነው። ሚክሰሩ ሲሠራ የቆየው ለሄድፎኗ ብቻ ነበር።

ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት። ሽቦ ከየእሁዱ በኋላ የተጫወቱትን ቀድቶ ያስቀምጣል። ከዚያ ላይ ምርጥ ምርጡን እየቆረጠ አንድ ነውር የሌለበት ጨዋታ ሰፍቷል፤ የዘፈኖቹ ተራ አስቀድሞ የተወሰነውም ለዚህ ነው። የት ላይ እንደምትገባና የት ላይ እንደምትዘጋ ደግሞ የእናቱን ሳል እንደሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሷን ለመገመት አልተቸገረም። ከጅምሩ የለፋችው፣ ፍጥነት ያስተካከለችው፣ የተጨነቀችው ሁሉ ለራሷ ጆሮ ብቻ ነበር።

ምራቅ አፏን ሞላው። ከራሷ የወጣ ነገር ተቆራርጦ፣ ታጥቦ፣ በሳህን ተመልሶ የቀረበላት መሰላት፤ እሷም ሰው እያያት፣ እየተቀረጸች፣ ቆማ እየበላችው ነው።

«ምንድነው ያደረግከው?» ብላ ጆሮው ላይ ጮኸች።

«ፈገግ በይ፣ ካሜራው አንቺ ላይ ነው!»

«አንተ ሽቦ!»

«ያንቺ እኮ ነው! ሁሉም ያንቺ ነው! አፈር ስሆን፣ እታለም፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

እጆቿን ከቁልፎቹ አንስታ ደረቷ ላይ አጣጠፈች። ባለ አዳራሹ ከካሜራው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሲያያት ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣና ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ሁለት እጁን በአየር ላይ ያፍተለትል ጀመር። «እጅሽን!» ይላል ከንፈሩ። «እጅሽን አንቀሳቅሺ እንጂ!» ዓይኑን በጨው አጥቦ። ያን ጊዜ እሱም እንደሚያውቅ ገባት።

ከፊት የነበረች አንዲት ልጅ የእታለምን የታጠፉ እጆች አየችና ወደደቻቸው፤ የራሷንም አጣጠፈች። ጓደኞቿ ተከተሏት። ወዲያው አንድ ረድፍ ሙሉ እጁን አጣጥፎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይጨፍር ጀመር።

ሄድፎኗን አውልቃ በትራስ ልብሱ ጠቀለለችና ከመድረኩ ወረደች። ሙዚቃው አንድ ትንፋሽ አላጓደለም። እንዲያውም በሰዎቹ መሐል ስታልፍ መሻገሪያው ተጠናቀቀ፤ ቤዙ ተከፈተ፤ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። በዚያው ሳምንት ጆሮውን ያጠበችለት አንድ ሾፌር ክንዷን ያዛት።

«ሲስተር! አንቺ ነሽ እንዴ? ጆሮዬን ከፍተሽ ይሄን አሰማሽኝ! ምን ዓይነት እጅ ነው ባክሽ!»

«እኔ አይደለሁም።»

«ምን አልሽ?»

«የተጫወትኩት እኔ አይደለሁም!»

«አዎ፣ አዎ! በጣም ነው የሚያምረው!»

ከአዳራሹ ጓሮ አንድ ቧንቧ አለ። እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ስትታጠብ ሽቦ ቀረጻውን ጨርሶ መጣ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር፤ ሲያያት ደበዘዘ።

«ሰውየው ቦታው የናንተ ነው አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«የማን?»

«የኛ ነዋ።»

«አንተን ማን አየህ? እኔንስ ማን አየኝ? ማጫወቻዋን ይቅጠራት።»

«እታለም፣ የሰው ሰርቄ አመጣሁ እንዴ? ከራስሽ እጅ ነው የወሰድኩት። አንዱም ሰው ልዩነቱን አላወቀም።»

«እኔ አወቅኩት።»

«እንዴት?»

«ጣቴ ያዳለጠኝን እዚያ ውስጥ ትተኸዋል። ለማጽዳት ከተነሳህ በደንብ አታጸዳም?»

ሽቦ መሬት መሬት አየ። «ላወጣው ነበር» አለ። «ሁለቴ ቆረጥኩት። ከዚያ መልሼ ሰፋሁት። ሳዳምጠው ወደድኩት። ስትደነግጪ ምን እንደምትመስዪ ይታየኛል።»

ይህ ከሁሉ የባሰ ሆነባት። ዝም ብሎ ሌባ ቢሆን ፊቱን አይታ እንትፍ ብላ ትሄድ ነበር። እሱ ግን እጇን ሲቆርጥ እየሳመ ነው የቆረጠው። የትኛውን ይዛ የትኛውን እንደምትጥል ጠፍቷት ሳሙናውን እንደገና አነሳች።

ሳምንቱን ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ። ቪዲዮው ተለጠፈ። ክሊኒኩ ውስጥ የካርድ ክፍሏ ልጅ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቅናባት፣ «ሲስተር፣ እዚህ ጋ እጅሽን ስታጣጥፊ ልቤ ጠፋ!» አለቻት። በየእረፍቱ ከየስልኩ ያው ሙዚቃ ይወጣል። እታለም ይህን ስትሰማ የምታጥበው ጆሮ ይሻላታል፤ እሱ ቢያንስ ቆሻሻው ወጥቶ ያልቃል።

እናታቸው ነገሩ አልገባትም። «ሰው አመሰገናችሁ፣ ቦታ ሰጣችሁ፤ ታዲያ የምን ኩርፊያ ነው? ወንድምሽ እኮ ራት አልበላም።»

«ይብላ። ማን ከለከለው?»

«አንቺ ባኮረፍሽበት ቤት ምን ጉሮሮ ይከፈታል?»

አርብ ዕለት ሽቦ በሯ ላይ ቆመ።

«ገመዱን እሰካዋለሁ» አለ። «እሁድ በእጃችን እንጫወታለን። ሰውየው አያውቅም፣ አልነገርኩትም። ካልሆነ አብረን እንወርዳለን።»

ዞር ብላ አየችው። እየቀለደ አልነበረም።

«መሻገሪያውንም እኔ እሠራዋለሁ» ጨመረ። «አንቺ አረፍ በይ። ስቆርጥ ስሰፋው ስለከረምኩ እያንዳንዷን ነገር አውቃታለሁ። ተኝቼም አልስተው።»

«ትችለዋለህ?»

«ምን አለበት? አሁን ካንቺ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሽቦን የጣለው ይህ ነው። አንድን ቅልቅል ደጋግሞ ያዳመጠ ሰው እጁም አብሮ የተማረ ይመስለዋል። በዚያ መሻገሪያ ላይ ግን ለወራት የያዘው መቀስና መርፌ እንጂ ሚክሰር አልነበረም። እታለም ይህን ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። እጁን ራሱ ሥራው ውስጥ እንዲከት ፈልጋ ነበር፤ ሲከት ደግሞ እሷ ልታስወጣው አልፈለገችም።

እሁድ ሲደርስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ቪዲዮው የጠራው ሰው ነው። እታለም ከሁሉ በፊት ከጠረጴዛው ኋላ ገብታ ገመዱን በጣቷ ነካችው፤ ጠብቆ ተሰክቷል። ጀመሩ። ለስላሳ አልነበረም። አንዳንድ ቦታ ሽቦ ዘግይቶ ገባ፣ አንዳንድ ቦታ እሷ ጠበቀችው። ግን ቁልፉን ስታዞር አዳራሹ አብሮ ዞረ፤ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷ ተረጋጋ።

ከዚያ ደቡ መጣ። ሽቦ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ጎንበስ አለ። ማሚቶውን አስረዘመ፤ ደህና ነበር። ሸክሸክታውን ሲያስገባ ግን ግማሽ እርምጃ ዘገየ። ሽማግሌው ሲረግጥ ጎረምሳው እግሩን ያነሳል፣ ጎረምሳው ሲረግጥ ሽማግሌው ያነሳል። ሽቦ ሊያስተካክል ፍጥነቱን ገፋ፤ አብዝቶ ገፋ። መለሰው፤ አብዝቶ መለሰ። ላቡ ቁልፎቹ ላይ ተንጠባጠበ። በዚህ መሐል፣ ጆሮው ስለ ነገረው ሳይሆን ከቀረጻው ላይ ስለሚያስታውስ ብቻ፣ «አሁን ነው» አለና ቤዙን ከፈተ። የአሮጌውን መዝጋት ረሳ።

ሁለቱ ቤዞች አንዱ በሌላው አፍ ውስጥ ገብተው አጓሩ። ከምታጥበው ጆሮ የስሪንጁ ውሃ ተመልሶ ፊቷ ላይ የተረጨባት ያህል የእታለም ፊት ተኮማተረ። እጇ በራሱ ተነስቶ ወደ ሚክሰሩ ሄደ። አንድ ቁልፍ፣ አንዲት ዙር፣ ነገሩ ይስተካከል ነበር። ተራው የእሱ ነው። እጇን መልሳ ወገቧ ኋላ በሌላው እጇ ያዘችው። እንዲህ የሚቀፍ ድምፅ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም፤ አንድ ጣት ሳታነሳ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ሰው ጭፈራውን አቆመ። አንዱ አፏጨ። «ይሄ ማጠቢያ ማሽን ነው እንዴ?» አለ ሌላው፤ ሳቅ ሆነ። ባለ አዳራሹ ሰውን በትከሻው እየገፋ መጣና መድረኩ ላይ ወጣ። ማንንም አልጠየቀም። ገመዱን ከሚክሰሩ ነቅሎ ስልኩ ላይ ሰካው። ከቪዲዮው የወሰደው ያለፈው እሁድ ጨዋታ አዳራሹን ሞላው።

«ውረዱ» አለ። «ሙዚቃው አለኝ።»

«የኛ እኮ ነው!» አለ ሽቦ።

«ማን የኔ ነው አለ? የናንተ ነው። ውረዱ ነው የምለው፣ የኔ ልጅ። ሰው በቪዲዮው እንዳየው ቆማችሁ እጃችሁን የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ቁሙ፤ ካልሆነ ቦታ አታጣቡ።»

ሕዝቡ ወዲያው መጨፈር ጀምሯል። ሽቦ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ። የራሱ ቅልቅል ያለ እሱ ሲሄድ፣ የራሱ ተራ መጥቶ ሲያልፍ፣ እጁ ሳይነካው ሲያምር ሰማ። ከንፈሩ ነጣ። እታለም ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ በሳምንቱ ውስጥ መስታወት ላይ አይታዋለች።

«እታለም» አለ፣ «ሊያስመልሰኝ ነው።»

«እዚህ አይሆንም። ውጭ ና።»

ክንዱን ይዛ በጨፋሪዎቹ መሐል አወጣችው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ፣ «ምነው፣ እየተጫወታችሁ አይደለም እንዴ?» ብሎ ወደ አዳራሹ ውስጥ እያየ ግራ ተጋባ።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ከመሐለኛዋ ጠባብ ክፍል ድምፅ ይወጣል። ሽቦ ራሱ ጠግኖ ያቆየውን አሮጌ ሚክሰር አልጋው ላይ ዘርግቶ፣ ሁለት የኮምፒውተር ስፒከር ሰክቶ መሻገሪያውን ይሠራል። ዘገየ። መለሰ። ሁለቱ ቤዞች ተደረቡ። እንደገና። እናታቸው ከጓዳ፣ «ኧረ ይሄን ጉድ ዝጉልኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ!» አለች።

እታለም ጋዋኗን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች። ልታልፍ ነበር፤ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ደገመው። አንጀቷ ብድግ አለ፤ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ሽቦ አቆመ። «ዞር በይልኝ» አለ።

«ልውጣ?»

«አትውጪ። ፊትሽን ብቻ አዙሪ። እንደዚያ ሆነሽ እያየሽኝ አልችልም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ።